የብርቱካን ቅጠል ምርመራ ውጤት ደረሰኝ፤ ማዳበሪያውን በምን ላስተካክል?

የአዋሽ ዳር ገበሬ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቦታው ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው በኩል ነው። 2 ሄክታር ቫሌንሺያ ብርቱካን፣ ዕድሜው 9 ዓመት፣ በዛፎቹ መካከል 5 ሜትር፣ በረድፎቹ መካከል 6 ሜትር፣ ከአዋሽ በቦይ የሚጠጣ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.1 ነው። በዓመት ለአንድ ዛፍ 2 ኪሎ ዩሪያና ግማሽ ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል።

ዛፉ ሲታይ ለምለም ነው። ነገር ግን አዲስ ቀንበጥ ላይ የሚወጣው ቅጠል ጠባብና ትንሽ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። ፍሬው ደግሞ ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ቶሎም አይቀላም።

የላብራቶሪው ውጤት፦ ናይትሮጅን 2.9 በመቶ፣ ፎስፈረስ 0.11 በመቶ፣ ፖታሲየም 1.1 በመቶ፣ ካልሲየም 5.6 በመቶ፣ ማግኒዚየም 0.31 በመቶ፣ ዚንክ 14 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 14)፣ ማንጋኒዝ 16፣ ብረት 185፣ መዳብ 62፣ ቦሮን 80።

ቅጠሉ የተለቀመው ከ10 ዛፍ ነው፤ ፍሬ ካለበትም ከሌለበትም ቅርንጫፍ። የመዳብ ፀረ ፈንገስ ከተረጨ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሳይታጠብ ነው የተላከው። የግብርና ዕቃ መደብር ውስጥ «ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) አንሶሃል፣ ኤንፒኤሱንም እጥፍ አድርገው» ተብያለሁ። ይህ ውጤት ያንን ይላል?

አግሮኖሚ አዳማ

አይልም ወንድሜ። ፖታሹን አትግዛ፤ ኤንፒኤሱንም አትጨምር። ይልቅ ዩሪያውን ቀንስ። ምክንያቱን ከቁጥሮቹ ላውጣው።

ለብርቱካን የሚሠራበት መለኪያ ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜ ላለው፣ ፍሬ ከሌለበት ቀንበጥ ለተለቀመ ቅጠል የወጣ ነው። ለዚያ ቅጠል ናይትሮጅን ከ2.5 እስከ 2.7፣ ፎስፈረስ ከ0.12 እስከ 0.16፣ ፖታሲየም ከ1.2 እስከ 1.7፣ ካልሲየም ከ3.0 እስከ 4.9፣ ማግኒዚየም ከ0.30 እስከ 0.49 በመቶ ቢሆን ጥሩ ይባላል። ዚንክና ማንጋኒዝ ከ25 እስከ 100 ፒፒኤም፣ ብረት ከ60 እስከ 120፣ መዳብ ከ5 እስከ 16፣ ቦሮን ከ36 እስከ 100። ዚንክም ሆነ ማንጋኒዝ ከ18 በታች ከወረደ እጥረት አለ ማለት ነው። የሌላ ዕድሜ ቅጠል ለቅሞ ከዚህ ጋር ማነጻጸር የጥጃን ክብደት በበሬ ሚዛን እንደ መፍረድ ነው።

አሁን ያንተን እንየው። ቅጠል ሲያረጅ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ካልሲየሙ ግን እየተጠራቀመ ይጨምራል። ካልሲየምህ 5.6 መሆኑ ከለቀምካቸው ቅጠሎች ብዙዎቹ ከ6 ወር ያለፉ እንደነበሩ ያሳብቃል (አፈሩ ኖራ የበዛበት መሆኑም የራሱ ድርሻ አለው)። በዚያ ላይ ፍሬ የተሸከመ ቅርንጫፍ አጠገቡ ካሉት ቅጠሎች በተለይ ፖታሲየም ይስባል። ስለዚህ 1.1 የሆነው ፖታሲየምና 0.11 የሆነው ፎስፈረስ የዛፉን እጥረት ሳይሆን የአለቃቀሙን ስህተት ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለቱም ከወሰኑ በታች የወረዱት በጥቂቱ ነው፤ በትክክለኛው ቅጠል ቢለካ ጥሩ ከሚባለው ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ናይትሮጅኑ ግን በተቃራኒው ነው። ያረጀና ፍሬ ያለበት ቅጠል ተቀላቅሎበት እንኳ 2.9 ከወጣ፣ ትክክለኛው ቅጠል ቢለቀም ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ማለትም በተበላሸ ናሙናም ቢሆን የናይትሮጅኑ ፍርድ ይጸናል፤ የፖታሲየሙና የፎስፈረሱ አይጸናም። ወፍራም ልጣጩና ዘግይቶ መቅላቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እርግጥ ብርቱካን እንዲቀላ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም በዩሪያ ላይ አንደፍድፍ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ 2 ኪሎ ዩሪያ 920 ግራም ይሰጣል። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው ግማሽ ኪሎው 95 ግራም ይጨምራል። በጠቅላላ ለአንድ ዛፍ 1,015 ግራም። በ5 በ6 ሜትር አተካከል በሄክታር 333 ዛፍ ስለሚኖር በሄክታር 338 ኪሎ ንጹሕ ናይትሮጅን እየሰጠህ ነው። ይህ ብዙ ነው። ለዘንድሮ ወደ 700 ግራም አውርደው፤ ኤንፒኤሱን ግማሽ ኪሎ ላይ ትተህ ዩሪያውን 1.3 ኪሎ ብታደርገው 693 ግራም ይሆናል። በሁለቱ ሄክታር 666 ዛፍ ላይ 466 ኪሎ ዩሪያ ይተርፋል፤ በ50 ኪሎ ኬሻ ከ9 ኬሻ በላይ ማለት ነው። የምርመራውን ዋጋ ከነመጓጓዣው ይመልሳል።

በአንድ ጊዜ ወደ 400 አትውረድ። ዛፉ በቅጠሉና በእንጨቱ ያከማቸውን ስለሚጠቀም የቅነሳው ውጤት በቅጠል ላይ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ በድንገት ብዙ ከቀነስክ በሚቀጥለው ዓመት አበባ ላይ ጉድለቱ ይወጣል። የሚቀጥለው ዓመት ውጤት አሁንም ከ2.7 በላይ ከሆነ ያኔ ወደ 550 ግራም ትወርዳለህ።

ዩሪያውን ሦስት ጊዜ ክፈለው፦ 500 ግራም ከአበባ በፊት ጥር መጨረሻ ላይ፣ 400 ግራም ፍሬው ከያዘ በኋላ ሚያዝያ፣ 400 ግራም ሰኔ። ፍሬው መቅላት ከጀመረ በኋላ ዩሪያ አይሰጥም። ቫሌንሺያ የቀላ ፍሬ ዛፉ ላይ እያለ መልሶ አረንጓዴ የመሆን ጠባይ አለው፤ ዘግይቶ የተሰጠ ናይትሮጅን ደግሞ ያንን ያብሰዋል። ፒኤች 8.1 በሆነ አፈር ላይ የተዘራ ዩሪያ ላዩ ላይ ከቆየ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከሚያጠላበት ጠርዝ ሥር ዘርተህ በቀስታ ከአፈር ደባልቀው፤ ውሃውንም በዚያው ዕለት ልቀቅ። ግንዱ ሥር አትከምር፤ መጋቢ ሥሮቹ እዚያ አይደሉም፤ የግንዱ ቅርፊትም ይቃጠላል።

ቶላ ዘመልካሳ

ከላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የብረቱንና የመዳቡን ቁጥር ግን ሰርዛቸው። 185 ፒፒኤም ብረት ሳይታጠብ በተላከ ቅጠል ላይ ያለ አቧራ ነው። በእኛ አካባቢ በበጋ መንገድ ዳር ያለ ዛፍ እንዴት እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታጥቦ ቢሆንም እንኳ የብረት ቁጥር ብዙ አይታመንም፤ ኖራ በበዛበት አፈር ቅጠሉ ውስጥ ብረት ኖሮ ዛፉ ሊጠቀምበት የማይችልበት ጊዜ አለ። ብረትን በዓይን ነው የምንፈርደው፦ ለጋው ቅጠል መጠኑ ሳያንስ ከነጣና ጅማቶቹ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ የብረት እጥረት ነው። 62 የሆነው መዳብ ደግሞ የረጨኸው ፀረ ፈንገስ ነው።

ዚንኩ ግን እውነት ነው የሚመስለው። ጠባብና ትንሽ ቅጠል፣ በጅማቶች መካከል ቢጫ፣ በአዲስ ቀንበጥ ላይ፤ ከ14 ፒፒኤም ጋር ይገጥማል። ማንጋኒዝ ብቻውን ሲያንስ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል እንጂ አያንስም። ሁለቱ አብረው መጉደላቸው በፒኤች 8.1 የተለመደ ነው። ኤንፒኤሱን እጥፍ ብታደርገው ኖሮ ዚንኩ ይብስበት ነበር፤ ፎስፈረስ ሲበዛ ዛፉ ዚንክ መውሰድ ይቸግረዋል።

ዚንክ ሰልፌት መሬት ላይ መዝራት በዚህ አፈር ገንዘብ መቅበር ነው፤ ይታሰራል። በቅጠል ላይ ይረጫል። ለ100 ሊትር ውሃ 500 ግራም ዚንክ ሰልፌት፣ 300 ግራም ማንጋኒዝ ሰልፌትና 250 ግራም ውሃ የጠጣ (ሃይድሬትድ) ኖራ። በ16 ሊትር የጀርባ መርጫ ሲሆን 80 ግራም፣ 50 ግራምና 40 ግራም ይመጣል። ኖራው የሰልፌቱን አሲድነት ለመግደል ነው፤ ከተረሳ ለጋ ቅጠልና ትንንሽ ፍሬ ይቃጠላል። በሌላ ዕቃ በጥብጠህ በነጠላ ጨርቅ አጥልለህ በመጨረሻ ጨምረው፤ ካላጠለልከው አፍንጫውን ይደፍነዋል። በርሜሉን እየቆየህ አማስል፤ ይዘቅጣልና።

ከረጢቱን አንብብ። 500 ግራም የሚለው 21 ወይም 22 በመቶ ዚንክ ላለው ባለ ክሪስታል ሰልፌት ነው። ዱቄት የሚመስለውና 35 በመቶ አካባቢ የተጻፈበት ከሆነ 300 ግራም ይበቃል። ብዙ ጊዜ ቅጠል የሚቃጠለው በዚህ ልዩነት ነው።

የሚረጨው አዲሱ ቅጠል ከሙሉ መጠኑ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ነው፤ ያኔ የቅጠሉ ሰም ገና ስስ ነው። ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ቅጠሉ ላይ የተረጨ ዚንክ በኋላ ወደሚወጣው ቀንበጥ አይሄድም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ረጭቶ ለዓመት መተው አይሠራም፤ በየዋናው የቀንበጥ ወቅት ይደገማል። መጀመሪያ አምስት ስድስት ዛፍ ላይ ሞክረህ ሳምንት ጠብቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዩሪያን ከዚህ ጋር ቀላቅለው የሚረጩ አሉ። አንተ ናይትሮጅን ስለተረፈህ አያስፈልግህም። ለሌላው አንባቢ ግን፣ ለመሬት የሚሸጠው ተራ ዩሪያ ባዩሬት የሚባል ነገር አለበት፤ ብርቱካን ለእሱ ስስ ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለቅጠል የሚረጭ ዩሪያ ባዩሬቱ ከ0.25 በመቶ በታች መሆን አለበት።

ዕፅዋት ጤና

ከዚንክ ጋር የሚምታታ በሽታ ስላለ ልግባበት። ግሪኒንግ የሚባለው የብርቱካን በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ምልክቱ ከዚንክ እጥረት ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ዚንክ ሲረጭ ከርሞ ዛፉን ያጣል። የበለጠ የሚያሳስተው ደግሞ የታመመ ዛፍ ቅጠል ሲመረመር ዚንኩ በእውነትም ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው። 14 ፒፒኤም ስላየህ ብቻ በሽታ የለም አትበል።

ቅጠሉን በመካከለኛው ጅማት ላይ አጥፈህ ግራና ቀኙን አስተያይ። የዚንክ እጥረት ከሆነ ቢጫው በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ነው። ግሪኒንግ ከሆነ በአንዱ ወገን አረንጓዴ በሆነበት ቦታ በሌላው ቢጫ ይሆናል፤ ጅማት ሳይከተል ይንጠባጠባል። ፍሬውን ቆርጠህ እይ፤ መሃሉ የተጣመመ፣ ዘሩ የቀጨጨና የጠቆረ ከሆነ ያሰጋል። እጥረት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ያለውን ዛፍ ሁሉ ይነካል፤ በሽታው ግን ሲጀምር አንድ ዛፍ፣ ምናልባትም አንድ ቅርንጫፍ ነው የሚይዘው። ዚንኩ የተረጨበት ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ካደገ ነገሩ እጥረት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ሌላው ሥር ነው። በቦይ የሚጠጣ ብርቱካን ውሃው ግንዱን እየነካ ከቆመ ሙጫ የሚያስለቅሰው የግንድ መበስበስ ይመጣል። ሥሩ የታመመ ዛፍ አፈሩ ውስጥ ምግብ ሞልቶ ቅጠሉ የተራበ ይሆናል። የቅጠል ውጤት ዝቅ ሲል መጀመሪያ አንድ ሁለት ቦታ ቆፍሮ ሥሩን ማየት፣ የግንዱን ቅርፊት መፈተሽ፣ ከዚያ ስለ ማዳበሪያ ማውራት።

መስኖ ነኝ

ለአነስተኛ ገበሬ ይህ ሁሉ ቅንጦት ይመስለኛል። ዓይን ያለው ሰው ቅጠል አይቶ ያውቃል። ለላብራቶሪ የሚከፈለው ለፍግ ቢውል ይሻላል።

አግሮኖሚ አዳማ

@መስኖ ነኝ፣ ዚንክን ዓይን ያያል፤ እሺ። ናይትሮጅን መብዛቱን ግን ዓይን አያይም። ጠያቂው ራሱ «ለምለም ነው» ብሎ ነው የጀመረው፤ 2.6 እና 2.9 ያለው ዛፍ በዓይን አንድ ነው። ዓይን የሚያየው እጥረቱ ምርት ከቀነሰ በኋላ ነው።

ፍጉን አልቃወምም። ግን ፍግም ይቆጠራል። ደረቅ የከብት ፍግ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው 20 ኪሎው 300 ግራም ነው፤ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀቀው ከፊሉ ብቻ ነው። ፍግ የምትጨምሩ ዩሪያውን በዚያው ልክ ቀንሱ። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ በየዓመቱ ባይሆን በሁለት ዓመት አንዴ ቢያስመረምር ይበቃዋል። ዝርያውና አፈሩ አንድ ከሆነ ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ናሙና መላክም ይችላሉ፤ የሚሰጡት ማዳበሪያ ከተለያየ ግን አይሠራም።

የአዋሽ ዳር ገበሬ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ቅጠሉን አጥፌ አየሁት፣ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ በሁሉም ዛፍ ላይም አለ። ዩሪያውን በተባለው እቀንሳለሁ። የሚቀጥለውን ናሙና በትክክል ለመልቀም ደረጃ በደረጃ ብትነግሩኝ? ለፍሬ የለሽ ቀንበጥ 5 ወር መሙላቱን በምን አውቃለሁ? እዚህ ዛፉ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ይቀነብጣል።

ቶላ ዘመልካሳ

ቁም ነገሩ እሱ ነው። መለኪያው የወጣባቸው አገሮች ክረምታቸው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዋናው ቀንበጥ አንድ ጊዜ በፀደይ ይወጣል፤ የእኛ ግን ይደበላለቃል። መፍትሔው ምልክት ነው። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ከአበባው ጋር ዋናው ቀንበጥ ሲወጣ ለናሙና በመረጥካቸው ዛፎች ላይ አበባ በሌለው ቀንበጥ ሥር ባለ ቀለም ክር ላላ አድርገህ እሰር። ቀኑን ጻፍ። በመጋቢት መጀመሪያ የታሰረ ሐምሌ መጨረሻ ላይ 5 ወር ይሞላዋል። በክረምቱ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ከክሩ በላይ ወይም በሌላ ቀንበጥ ላይ ስለሚሆን አይደባለቅብህም።

ከ20 እስከ 25 ዛፍ ምረጥ፤ ማሳውን እየተመላለስክ በዚግዛግ። የዳር ረድፍ፣ መንገድ ዳር፣ የቦይ መጨረሻ ውሃ የሚተኛበት፣ የታመመና የተተካ ዛፍ አይገባም። የቀጨጨ ጥግ ካለ ለብቻው፣ አጠገቡ ካለ ጤነኛ ጋር ሁለት ናሙና አድርገህ ላክ፤ ከመለኪያው ይልቅ የሁለቱ ልዩነት ይነግርሃል። ከየዛፉ በትከሻ ቁመት ከአራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ቅጠል፣ ከቀንበጡ መሃል፣ ከነአንገቱ ቀንጥስ። በጠቅላላ 100 ቅጠል ያህል። ትል የበላው፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ የተቀደደ ይቀራል። ማዳበሪያ የነካ እጅ ቅጠል አይንካ።

ዚንኩን ስለምትረጭ አስብበት፦ የተረጨ ቅጠል ታጥቦም ቢሆን የዚንኩና የማንጋኒዙ ቁጥር አይታመንም። ክር ያሰርክባቸውን ጥቂት ቀንበጦች ሲረጭ በፌስታል ሸፍናቸው፤ መርጨቱ እንዳበቃ ወዲያው ግለጥ፣ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይበስላል። ለናይትሮጅንና ለፖታሲየም ግን መረጨቱ አያሳስብም።

ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት፤ በፌስታል ከሆነ ያልበዋል፣ ይሻግታል። በዚያው ቀን ሳይጠወልግ ይታጠብ፦ በፕላስቲክ ሳህን፣ ጥቂት ጠብታ ፎስፌት የሌለው የዕቃ ሳሙና ባለው ውሃ፣ ሁለቱንም ገጽ በጣት እያሸህ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ መጨረሻ በዲስቲልድ (በእንፋሎት በተጣራ) ውሃ። ለዚህ የባትሪ ውሃ ከነዳጅ ማደያ ስትገዛ አሲድ ያልተቀላቀለበት መሆኑን አረጋግጥ። በቆርቆሮ ባልዲ አትጠብ፤ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ውጤቱን ያበላሻል። ዘፍዝፈህ አትተወው፤ ፖታሲየም ይታጠባል፤ ከደቂቃ ሁለት ደቂቃ አይለፍ። ጥላ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥተህ ውሃው ሲደርቅ በአዲስ ከረጢት አድርገህ በማግስቱ አድርስ። ከረጢቱ ላይ ዝርያውን፣ ታችኛው ግንድ (ብርቱካኑ የተዳቀለበት ባለ ሥሩ ተክል) ምን እንደሆነ ካወቅክ፣ የቀንበጡን ዕድሜና መጨረሻ የተረጨውን ጻፍ።

አግሮኖሚ አዳማ

ሁለት ጭማሪ። ላብራቶሪው የዕፅዋት ቅጠል የሚሠራ መሆኑንና የትኞቹን ንጥረ ነገሮች እንደሚለካ ናሙና ሳትለቅም በስልክ ጠይቅ፤ አፈር ብቻ የሚሠሩ አሉ። በዚያው ጊዜ ከእነዚያው ዛፎች ጠርዝ ሥር ከ0–30 እና ከ30–60 ሴንቲሜትር አፈር ውሰድ፤ ፒኤችና ጨዋማነቱን ቅጠል አይነግርህም። ከመተሐራ በታች ያላችሁና በጉድጓድ ውሃ የምታጠጡ ክሎራይድና ሶዲየም ጨምራችሁ አስለኩ፤ ክሎራይድ ከ0.7 በመቶ፣ ሶዲየም ከ0.25 በመቶ ካለፈ የቅጠል ጫፍ መቃጠሉ ከጨው ነው።

በትክክለኛው ናሙና ፖታሲየምህ እንደገና ከ1.2 በታች ከወጣ ያኔ ፖታሽ እንነጋገራለን። ስትገዛም ክሎራይዱን ሳይሆን ሰልፌቱን ነው፤ 50 በመቶ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ለአንድ ዛፍ 250 ግራም ፖታሽ ይሰጣል። ግን ያ ዓመት ዛፉ ከልክ በላይ ያፈራበት መሆን አለመሆኑን መጀመሪያ እይ፤ ፍሬ ሲበዛ ፖታሲየም በራሱ ይወርዳል፣ በቀጣዩ ዓመት ይመለሳል። ስለዚህ የዛፍ በዛፍ ምርትህን፣ ባይሆን የሳጥን ብዛቱን፣ ከምርመራው ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጥ።

የአዋሽ ዳር ገበሬ

ታችኛው ግንድ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ችግኙ ተዳቅሎ የተገዛ ነው። ለውጥ ያመጣል?

ዕፅዋት ጤና

ያመጣል። ባለ ሦስት ቅጠል ከሚባለው ዝርያ የተዳቀሉት፣ እንደ ትሮየርና ስዊንግል ያሉት፣ ኖራ በበዛበት አፈር ብረትና ዚንክ ማውጣት ያቅታቸዋል። ኮምጣጣ ብርቱካንና ክሊዮፓትራ መንደሪን የተሻሉ ናቸው፤ ኮምጣጣው ግን ትሪስቴዛ በሚባለው ቫይረስ ይጠቃል። ከመዳቀያው በታች የበቀለ ቀንበጥ ካለ ሳትቆርጠው ቅጠሉን እይ፦ በአንድ አንገት ላይ ሦስት ቅጠል ካለው ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው፤ ዚንክና ማንጋኒዙን በየቀንበጡ ወቅት ሳታቋርጥ መርጨት ይኖርብሃል። አንድ ቅጠል ብቻ ሆኖ አንገቱ ላይ ሰፊ ክንፍ ካለው ኮምጣጣ ብርቱካን ሊሆን ይችላል። አይተህ ከጨረስክ በኋላ ቀንበጡን ከሥሩ ገንጥለው፤ ማዳበሪያህን እሱ ነው የሚበላው።